ከአምስት ኪሎ እስከ እንጦጦ፦ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከአምስት ኪሎ ወደ ሰሜን ስንመለከት የእንጦጦ ተራራ ከፊታችን ተዘርግቶ ይታያል። ብዙዎቻችን በዚህ ሰፈር ተምረናል፣ ሠርተናል፣ ከብሔራዊ ሙዚየም አካባቢ ታክሲ ጠብቀናል። ተራራውን ከቤተሰባችን ጋር በእግር የወጣነው ግን ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ቁም ነገር አንድ ነው፦ የእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ እቅድ መውጣት ያለበት በመካከላችን ባለው በደካማው ሰው እርምጃ ልክ ነው።

መንገዱና ሰዓቱ

ከአምስት ኪሎ ተነሥተን በስድስት ኪሎ፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። እስከዚህ ድረስ መንገዱ የከተማ መንገድ ነው። ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉ ይህን ክፍል በታክሲ መሄድ ጉልበት ይቆጥባል። ከሽሮ ሜዳ በኋላ ዳገቱ ይበረታል፣ ባሕር ዛፉም ይበዛል። እስከ ላይኛው ሸንተረር ጠቅላላው ርቀት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከፍታው ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው አምስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል።

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው ስሌት መሠረት ለ5 ኪሎ ሜትር ርቀት 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይታሰባል። በዚህ ሒሳብ ጠንካራ ወጣት በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወጣዋል። ልጆችና እናቶች ላሉበት ቤተሰብ ግን ለዕረፍት ቢያንስ 1 ሰዓት እንጨምርበት። ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሣን 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ እንደርሳለን ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የመመለሻውን ሰዓት እንወስን። የትም ብንደርስ 7 ሰዓት ላይ ፊታችንን ወደ ታች እናዙር። በእንጦጦ ደን ጅብ እንዳለ ይታወቃልና ከመግሪብ በፊት ቤት መግባት ግድ ይላል። ሦስት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች አንዱን አሚር እንዲያደርጉ በሐዲስ የተመከረው ለእንዲህ ዓይነቱም ቀን ይጠቅማል። አሚሩ «እንመለስ» ካለ ክርክር አይኖርም።

ሶላትና ቂብላ

የአዲስ አበባ ዙህር እንደ ወሩ ሁኔታ ከ6 ሰዓት ከ10 እስከ 6 ሰዓት ከ40 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ላይ ሆነን መስገድ እንችላለን። መካ ከአዲስ አበባ በሰሜን በኩል ናት፣ ወደ ምሥራቅ የምታጋድለው ጥቂት ብቻ ነው። በመሆኑም ከተማውን ከጀርባችን አድርገን ከቆምን ፊታችን ወደ ቂብላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል፤ ይህም ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። ለመጠጥ በነፍስ ወከፍ 2 ሊትር ስንይዝ ለውዱእም በዚሁ ልክ እናስብ።

ምን እንያዝ?

ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። ወደ ፍልውኃው ሜዳ ካወረዷቸው ምክንያቶች አንዱ የተራራው ብርድ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ቅዝቃዜው 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ሹራብ አይቅር። ቆሎ፣ ቴምር፣ ዳቦ፣ እንዲሁም ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይበቃናል። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል በተለይ ስንወርድ ያንሸራትታልና ለአረጋውያን ምርኩዝ እንያዝ። ዝናብ የሌለባቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ለጉዞው ይመቻሉ።

ጥንቃቄ የሚሻው እንግዳ

ከድሬዳዋ ወይም ከጅዳ ትናንት የመጣ ዘመድ ካለን በማግሥቱ ይዘነው አንውጣ፤ ሰውነቱ ከፍታውን እስኪለምድ ጥቂት ቀናት ይረፍ። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በመንገድ ላይ ራሱን ያመመውና ያቅለሸለሸው ካለ «ትንሽ ነው የቀረው» ብለን አንገፋፋው። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ብቻውንም አይውረድ።

ላይ ስንደርስ ለልጆቻችን የምናሳየው ብዙ ነው። ከሸንተረሩ በስተሰሜን የሚወርደው ዝናብ ወደ አባይ፣ በስተደቡብ የሚወርደው በቀበናና በመሰል ወንዞች ከተማችንን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይጓዛል። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክም የእግረኛ መንገዶች አሉት። በጠባብ መንገድ ላይ ማገዶ የተሸከመች እናት ካጋጠመችን ሰላምታ ሰጥተን መንገዱን እንልቀቅላት። ይህን ያየ ልጅ ለሸክም መራራትን ይማራል።

ጫፉን ሳናይ ብንመለስም ተራራው ከቦታው አይሄድም፤ ኢንሻ አላህ ሌላ ቀን እንወጣዋለን።