አዲስ እንስራ

ጠጅ ጠጪ እንጂ ጠጅ ጣይ ሆኜ አላውቅም። ስነ ጽሑፍ ሳስተምር «ጠጅ በብርሌ፣ ነገር በምሳሌ» የምትለዋን ተረት ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ስለ ምሳሌው አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቼ፣ ስለ ጠጁ ትንፍሽ ሳልል እወጣ ነበር። ተማሪዎቼም አልጠየቁኝም። መቼም በእኛ አገር ጠጅ መጣል የሴት ሙያ ነው፤ ወንዱ ብርሌውን ይዞ «ደርሷል»፣ «ገና ነው» እያለ ይፈርዳል እንጂ ጓዳ አይገባም።

እኔ ጓዳ የገባሁት ጓዳው ከፈረሰ በኋላ ነው። አክስቴ እቴቴ ዕድሜዋን የፈጀችው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ባለው ሰፈር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ከጎረቤቶቿ ጋር ተነሳችና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳት። አልጋው ወጣ፤ ቁም ሳጥኑም በስንት መከራ ወጣ። ከእናቷ የወረሰችው ጋን ግን ደረጃው ላይ አልዞር አለ። እዚያው ምድር ቤት ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው ቀን ተሰብሮ ተገኘ።

ነገሩ የዕቃ ብቻ አይደለም። ለጠጅ እርሾ አይገዛለትም፤ የሚያፈላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው የሚመጣው እርሾ ነው። ስንት ዓመት ጠጅ ሲጠጣ የኖረ ሸክላ በግራዋ ቢታጠብ፣ በወይራ ቢታጠን የቀድሞውን አይረሳም። ሙያው ግማሹ በእቴቴ እጅ፣ ግማሹ በጋኑ ሆድ ነበር ማለት ነው። እሷም ሰማንያ ሊሞላት ነው። «አስተምሪኝ» አልኳት።

«ያን ሁሉ ተምረህ?» ብላ ሳቀች።

አዲስ እንስራ ገዝቼ መጣሁ፤ አሟሸችው። በረንዳ ላይ በወይራ ስናጥነው የታችኛው ፎቅ ጎረቤት እሳት የተነሳ መስሏት እየሮጠች መጣች። ማሩ ያልተጣራ ቀይ ማር ነው፤ ልኩም አንድ ጣሳ ማር ለሦስት ጣሳ ውሃ። «የሚሸጡት አምስትም ያደርጉታል፤ ስኳርም ያግዙታል» አለች እቴቴ። በጥብጠን አፉን በጨርቅ አሰርን። በሦስተኛው ቀን ሰፈፉ ወደ ላይ ወጣ፤ ገፈፍነው። ከዚያ ጌሾው ተራ ደረሰው። ቅጠሉ ለጠላ ነው፤ ለጠጅ እንጨቱ። ከብርዙ ቀንሳ ከጌሾው ጋር ቀቀለችና ሲበርድ መለሰችው።

«ጌሾው ስንት ይሆናል?» አልኩ ደብተሬን ይዤ።

«እስኪበቃው።»

ይህ መልስ ስላልተጻፈልኝ ጭብጧን ሚዛን ላይ አስደረግኳት። (ስንት ዓመት «ጭብጥ» ስል ከርሜ በግራም የሚለካውን ያን ቀን አየሁ።) ሦስት ጊዜ መዘንኩ፤ ልዩነቱ ከአሥር ግራም አልበለጠም።

በየማታው እቀምስ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ብርዝ ነው፤ ምላስ ላይ ግን ቆንጠጥ ያደርጋል። በአሥረኛው ቀን ማሩ የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ የጌሾው ምሬት ብቻውን ቆሟል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይኼኔ ነው፤ እቴቴ ግን «ተወው፣ ይጣላ» ብላ ተኛች። በሃያኛው ቀን ምሬቱ ቀድሞ ገባ፤ ጣፋጩ ከኋላ ቀስ ብሎ ደረሰ።

ቀዳሁላት። ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆየች።

«ጠጅ ነው» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «የጋኔ አይደለም።»

እንስራውን ላጥብ ስነሳ እጄን ያዘችኝ። አተላው እንዳለ ይቆይ፤ ካሁን በኋላ ነው ዕቃው የሚለምደው። ሁለተኛውን ብርዝ በዚያው ማታ በጠበጥን፤ ጌሾውን የመዘንኩት እኔ ነኝ።