ሁለት ትሪ፣ አንድ ጠረጴዛ

አንድ ኅብረተሰብ ስለ አብሮ መኖር ምን እንደሚያስብ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ አዳራሽ ገብቶ ንግግር ከማድመጥ ይልቅ በምሳ ሰዓት ወደ አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ጎራ ቢል የተሻለ መልስ ያገኛል። ንግግር ይታረማል፤ ይሰረዛል። የቀረበ ገበታ ግን ምስጢር አይደብቅም። ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፣ ማን ከየትኛው ትሪ እንደ ቆረሰ፣ ማንስ ቆሞ እንደ ቀረ ለተመልካች ሁሉ ግልጽ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ እንደ ሸዋ ሮቢት የሚመች ሥፍራ ጥቂት ነው።

ደብረ ብርሃንን በብርድ ያለፈ መንገደኛ ጣሊያን በወረራው ዘመን ባስቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ሾልኮ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በማይበልጥ ቆላ ላይ ያርፋል። ካፖርቱ በየተራ ይወልቃል፤ መስኮቱ ይከፈታል። የደጋው ገብስና ባቄላ ቀርቶ ማሽላ፣ ሽንኩርትና ማንጎ ይተካል። ሮቢት ሲደርስ አውቶቡሱም የጭነት መኪናውም ለምሳ ይቆማል። ምግብ ቤቶቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ጥላ ያለው በረንዳ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ሽሮ። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ ለማለት ይቻላል። ልዩነታቸው በደጃፋቸው ነው፤ በአንዱ ሰሌዳ ላይ መስቀል፣ በሌላው ላይ ጨረቃ ተሥሏል።

ምክንያቱን ለአገር ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ ቢስሚላሂ ተብሎ የታረደውን ይበላል። ከአንድ መንጋ የወጣ፣ በአንድ ሜዳ የጋጠ በሬ በአራጁ ቃል የሁለት ሃይማኖት ሥጋ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው፣ ሥጋቸው የተለያየ ሁለት ወዳጆች ለምሳ አብረው ሲወጡ የት ይቀመጣሉ? የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከአንድ የቆየ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደ ኮምቦልቻ እንጓዝ ነበር። እኔ የመንዝ ደጋ ልጅ ነኝ፤ እርሱ የይፋት ቆላ ተወላጅና ሙስሊም ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል። ሾፌሩ «ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ሮቢት ላይ እንዳቆመ ተሳፋሪው አስቀድሞ የተመደበ ይመስል ለሁለት ተከፈለ። ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ከአንድ ከረጢት ቆሎ እየተካፈሉ፣ እየተሳሳቁ የመጡ ሁለት ወጣቶች «በኋላ እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ወደ መስቀሉ፣ ሌላው ወደ ጨረቃው አመራ። አልተጣሉም፤ አልተኳረፉም። መለያየቱ ከልማድ ስለ ተቆጠረ ቆም ብሎ ያሰበበትም አልነበረም።

ወዳጄ ግን ክንዴን ይዞ ወደ መስቀሉ ቤት ገባ። «አንተ ሥጋህን ብላ፤ ለእኔ ሽሮ ይበቃኛል። ከአጠገብህ ልቀመጥ እንጂ» አለኝ። እኔም በበኩሌ «እንዲህ ከሆነማ ሁለታችንም ሽሮ እንብላ» አልሁት። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ክርክራችንን ከዳር ሆነው ይሰሙ ኖሮ ጠጋ አሉ።

«ምነው ጋሼ! በሐሙስ ቀን ማን ጹሙ ብሎ አዘዛችሁ?» አሉና አሳላፊዋን ልጅ ጠሩ። «ሂጂ፣ ከእነ ሀጂ ቤት ለጋሼ ጥብስ አስጠብሰሽ አምጪ። በሳህናቸው! እንጀራውንም ከዚያው፤ በሳህናቸው!»

«በሳህናቸው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አሉት። በእርሳቸው ቤት ዕቃ ላይ ተገልብጦ እንግዳው እንዳይቸገር መጠንቀቃቸው ነበር። ልጅቱ መንገዱን ተሻግራ በክዳን የተሸፈነ ትሪ ይዛ ተመለሰች። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትሪ ተቀመጠ፤ እኔ በስመ አብ ብዬ፣ እርሱ ቢስሚላሂ ብሎ ጀመርን። ባለቤትየዋ የማዶውን ቤት ሒሳብ ለማዶው ቤት ላኩ፤ በላዩ ላይ አምስት ሳንቲም አልጨመሩም። ቡናው ግን ከአንድ ጀበና ተቀዳ። ከማዕዱ የጎደለ ነገር ቢኖር ጉርሻ ብቻ ነበር። ወዳጄ የእኔን ትሪ አየት አድርጎ እየሳቀ፣ «ጉርሻውን ለረቡዕ አቆይልኝ» አለኝ።

ይህ ቀልድ ፍሬ ነገር አለው። የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብን ይጾማል፤ በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታና በነቢያት ጾምም እንዲሁ ከሥጋና ከቅቤ ይታቀባል። በእነዚህ ቀናት የሚቀርበው ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ሽሮ የአራጅ ቃል አያሻውም። ስለዚህ ለክርስቲያኑ የመከልከያ ቀን የሆነው ረቡዕ ለሁለቱ ወዳጆች የመገናኛ ቀን ይሆናል፤ ከአንድ ትሪ መቁረስ፣ እርስ በርስም መጎራረስ ይቻላልና። ጾም ሰውን ከምግብ ይለየዋል ሲባል እንሰማለን። በይፋት ቆላ ግን ሰውን ከሰው ሲያገናኘውም አይተናል።

ይህ ጥበብ ትናንት የተገኘ አይደለም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በይፋት ተመሠረተ፤ በተከታዩ ምዕተ ዓመት ከክርስቲያን ነገሥታት ጋር፣ በተለይም ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋር፣ ብዙ ደም አፋሳሽ ጦርነት ተካሂዷል። እንደ ኖራ ያሉ የጥንት ከተሞች ፍርስራሾች ከነመስጊዳቸው ዛሬም ይታያሉ። ይሁንና ጦር የለያየውን ሕዝብ ገበያ ያገናኘው ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከአንኮበር በታች ባለው የአልዩ አምባ የዓርብ ገበያ የሐረር ነጋዴ፣ የአርጎባ ሸማኔ፣ ጨው የጫነ የአፋር ግመለኛና እህል ያወረደ የደጋ ገበሬ ይገናኙ ነበር። አብሮ የሚገበያይ ሰው አብሮ የሚበላበትን ዘዴ መፈለጉ አይቀርም። ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብቱን በእነርሱ እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱም ወጥ ሠሪዋም ከእነርሱ ይሆናሉ። ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ድንኳኑ አንድ ነው።

በሌላው ዓለም የመንገድ ዳር ምግብ ቤት የሄደበትን አቅጣጫ ማነጻጸር ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1925 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የተጀመረው የሃዋርድ ጆንሰን ድርጅት ብርቱካንማ ጣራ ያላቸውን ምግብ ቤቶች በየአውራ ጎዳናው ተከለ። መንገደኛው የትም ቢቆም ያንኑ ምግብ፣ በዚያው ጣዕም እንዲያገኝ ነበር። ጋና ነፃ በወጣችበት በ1957 የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር ኮምላ አግቤሊ ግቤደማ በዴላዌር ግዛት ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የብርቱካን ጭማቂ አዘዙ። ጥቁር በመሆናቸው ጭማቂውን ይዘው እንዲወጡ እንጂ እዚያው ተቀምጠው እንዳይጠጡ ተነገራቸው። ነገሩ ዓለምን ባነጋገረ ጊዜ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሚኒስትሩን ቁርስ ጋብዘው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ። የድርጅቱ የመጨረሻ ምግብ ቤት በ2022 ተዘጋ። በዚያ ምግቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ወንበሩ ተከለከለ፤ በሮቢት ደግሞ ምግቡ ተለይቶ ወንበሩ ለሁለታችን ተሰጠ። የትኛው የሚያቀራርብ እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ይህን ስል የይፋትን ኑሮ አሳምሬ ለመሣል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ በአካባቢው ብዙ ሰው ሞቷል፤ ተፈናቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቷል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ሌላና ብዙ ነው፤ አንድ ትሪ ጥብስም ጦርነት አያስቆምም። ነገር ግን «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት አባቶች ያለ ነገር አልተናገሩም። የሚያሰጋኝ በሰሌዳው ላይ ያለው መስቀልና ጨረቃ አይደለም፤ እነርሱ ለእያንዳንዱ እምነት የተሰጡ ክብር ናቸው። የሚያሰጋኝ በሁለቱ ቤቶች መካከል መንገድ የምታቋርጠው ልጅ መቅረቷ ነው። ትሪ ተሸክሞ የሚሻገር ሰው ሲጠፋ «በኋላ እንገናኝ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ስንብት ይሆናል።

በሕዝብ መካከል የሚሠራ፣ የሚያስተምር፣ የሚሥልና የሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ። አንድነትን በመድረክም በሸራም ለማሳየት ስንነሣ እጃችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ አንድ መሶብ ነው፤ በዙሪያው ሁሉም ያጎነብሳል፤ ሁሉም ከአንዱ ወጥ ያጠቅሳል። ሥዕሉ ያምራል፤ ግን ሁሉንም ሰው አይዝም። መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒውም በሥራው ያችን «በሳህናቸው» የምትለውን ጥንቃቄ ቢያስገባ፣ ይፋት ለዘመናት ያካበተው ጨዋነት ስም ያገኛል። አንድነትን በአንድ ሳህን ብቻ የሚሥል እጅ ሳያውቀው ግማሹን እንግዳ ከጠረጴዛው ያስነሣል።