የመለያያ ከፍታ

ግንቦት ልደታ በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ልደታ ከቤት ወደ ደጅ ይወጣል። ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፤ ቡናው በደጅ ይፈላል፤ ዳቦው በደጅ ይቈረሳል፤ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ «ለከርሞው በሰላም ያድርሰን» እየተባባለ ይመራረቃል። ይህን ጽሑፍ በአንድነት የምንጽፈው እኛ ሁለት የሰፈሩ ልጆች፣ ዛሬ ጠጕራችን ሸብቶ ሳለ፣ ይህ ቀን በደረሰ ጊዜ ከበዓሉ ደስታ ጋር አንድ የቈየ ዕዳ ትዝ ይለን ነበር። የዕዳውን ነገር ለመግለጽ ግን አስቀድመን ስለ አየርና ስለ ጃንጥላ ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብናል።

ልደታ ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ በአገር ውስጥና በውጭ የታወቀው ግን በአውሮፕላን ሜዳውም ጭምር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል አድርጎ ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ባደረገ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ የአውሮፕላን በር ይኸው የልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ መንደርደሪያው ለእነርሱ አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ መንገደኛው ወደ ቦሌ ዞረ። ሜዳው ለጦር ሠራዊቱ አገልግሎት ቀረ፤ በአጠገቡ ያለውም ሰፈር እስከ ዛሬ ድረስ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል።

እኛ ነፍስ ያወቅነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ሜዳ አጥር ሥር ነው። ሦስት ነበርን፤ እኛ ሁለታችንና አንድ ጓደኛችን። ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲነሡና ሲያርፉ ስናይ ውለን፣ ማታ ማታ ስለ መብረር እናወራ ነበር። አማርኛችን ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልለውንም፣ ሰውን ከሰማይ የሚያወርደውንም ዕቃ በአንድ ስም «ጃንጥላ» ብሎ ስለሚጠራው፣ ሁለቱ አንድ ነገር መሰሉን። ስለዚህ በአንድ ግንቦት ልደታ፣ እናቶች በንፍሮው ተጠምደው ሳለ፣ የአንደኛችንን እናት ጥቁር ጃንጥላ ሰርቀን ከሁለት ሰው ቁመት በሚበልጥ የድንጋይ ካብ ላይ ወጣን። ቃል ኪዳናችን ሦስታችንም ክንድ ለክንድ ተያይዘን እንድንዘል ነበር።

ከካቡ ጫፍ ላይ በደረስን ጊዜ በመካከል የቆመው ጓደኛችን ወደ ታች ተመለከተና «ነፋስ አለ፤ ዛሬ ይቅርብን» አለ። እኛም «ፈሪ!» አልነው። ክንዶቹን ለማስለቀቅ ሞከረ፤ አለቀቅነውም። ከዚያ ዘለልን። ጃንጥላው ገና በአየር ላይ ሳለን ወደ ላይ ተገለበጠ። እኛ ሁለታችን ከዳርና ከዳር ስለ ነበርን በነጻ እጃችን መሬቱን ተመርኵዘን በጭረት ብቻ ዳንን። እርሱ ግን ሁለት ክንዶቹ በእኛ እጅ ተይዘው ስለ ነበር የሚመረኰዝበት አጣ፤ ክብደታችንም በላዩ ወደቀና ቀኝ እግሩ ከጕልበቱ በታች ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ አሸው፤ አጥንቱ ጠገነ፤ ነገር ግን እግሩ አጥሮ ስለ ቀረ እስከ ዛሬ ያነክሳል። እናቶች በተጨነቁ ጊዜ እኛ ምን አልን? «እኛ ተው አልነው፤ እርሱ በገዛ ፈቃዱ ዘለለ» አልን። እርሱም ሰምቶ ዝም አለ።

ካደግን በኋላ ስለ ጃንጥላ ብዙ አነበብን። በ1922 ዓ.ም. በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ስሙን ያስጠራው ሁበርት ጁልያን ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወረደ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። ይኸው ሰው ግን የዘውድ በዓሉ ሲቃረብ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ስለ ሰበረው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ጭብጨባ ያገኘ ሁሉ ጥበብ አገኘ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ሌስሊ ኧርቪን የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1919 በኦሃዮ ከአውሮፕላን ዘልሎ፣ በነጻ ወድቆ፣ ጃንጥላውን በገዛ እጁ ስቦ ከፈተ። በዚያን ዘመን ብዙዎች በአየር ላይ በነጻ የሚወድቅ ሰው ራሱን ይስታል ብለው ያምኑ ነበር፤ እርሱ ግን ይህ ሐሰት መሆኑን አስመሰከረ። ነገር ግን መሬት ሲደርስ ቍርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ይህን ባነበብን ጊዜ ጓደኛችንን አሰብነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን የጃንጥላ ዝላይ የሚያስተምሩበት ቦታ አገኘንና ሁለታችንም ተመዘገብን። የመጀመሪያው ትምህርት ያስተማረን ስለ አለመዝለል ነበር። አስተማሪው «ከአውሮፕላኑ በር ደርሶ የማይዘል ሰው ከአብራሪው ጋር ይወርዳል፤ በዚህ ቦታ ማንም አይስቅበትም» አለን። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን።

ጀማሪ ሊያውቀው የሚገባው እንዲህ ነው። ከበሩ ሲወጡ ወገብን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ደረትን ከፍቶ፣ ራስን ቀና አድርጎ ገላን እንደ ደጋን መለጠጥ ያስፈልጋል፤ ገላው ደጋን ከሆነ አየሩ ራሱ ሆዱን ወደ ታች አድርጎ ያስተካክለዋል፤ ከአየሩ ጋር የሚታገል ሰው ግን ይገለባበጣል። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከዚያም አይጨምርም። ያን ጊዜ ሰው የወደቀ አይመስለውም፤ በነፋስ አልጋ ላይ የተኛ ይመስለዋል እንጂ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ዐይን በየጥቂቱ ሰከንድ በእጅ አንጓ ላይ ወደ ታሰረው የከፍታ መለኪያ መመለስ አለበት። ተማሪ ከመሬት 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጃንጥላውን ይከፍታል፤ ቀና ብሎም ጃንጥላው በሙሉ መዘርጋቱን፣ ቅርጹ መስተካከሉንና ሲመሩት መታዘዙን ያረጋግጣል። ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ቁርጥ ውሳኔው ከ750 ሜትር በላይ መፈጸም አለበት፤ ይኸውም የተበላሸውን መልቀቅ፣ ወዲያውም ተጠባባቂውን መክፈት ነው። ወደ መሬት ሲቀርቡ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ በኀይል መዞር ክልክል ነው፤ ደኅና ጃንጥላ ከፍተው ሳለ የሚጐዱት ብዙዎቹ በዚህ ነው። ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ሁለቱን መሪ ገመዶች በመጨረሻው ሰዓት እኩል ወደ ታች ስቦ፣ እግርና ጕልበትን ገጥሞ ማረፍ ነው፤ አወራረዱ ከከበደም በጐን ተንከባሎ ኀይሉን ለገላው ሁሉ ማካፈል ነው።

ይህ ሁሉ በቈላ አገር የተማርነው ነው። አንድ ቀን በወረቀት ላይ ልደታን አሰብናት። የልደታ ሜዳ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ በዚህም ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ የሚወድቀውም ሰው፣ የተዘረጋውም ጃንጥላ፣ ፍጥነታቸው ከመቶ አሥራ ሁለት ያህል ይጨምራል። በቈላ በዝግታ ያሳረፈ ጃንጥላ በአዲስ አበባ ላይ ፈጥኖ ያወርዳል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ ጃንጥላና ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ዳግመኛም ዘላዮች ከባሕር ወለል ከ4,500 ሜትር ጥቂት ካለፉ ኦክስጅን እንዲይዙ ይመከራል፤ በቈላ ይህን ከፍታ ሳይደርሱ 4,000 ሜትር ሲዘሉ፣ ከልደታ የተነሣ ሰው ግን ገና 2,200 ሜትር ያህል ከመሬት እንደ ራቀ ይደርስበታል። የከፍታ መለኪያውም ከመነሣት በፊት በሚያርፉበት ሜዳ ላይ በዜሮ መስተካከል አለበት፤ ከባሕር ወለል የሚቈጥር መለኪያ ለልደታ ዘላይ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ 2,350 ሜትር ይቀርሃል ይለዋልና።

ከብዙ ዝላይ በኋላ በቡድን ለመዝለል በቃን። አራት ሰዎች በአየር ላይ ተገናኝተው፣ እጅ ለእጅ ወይም እጅ ለእግር ተያይዘው ቅርጽ ይሠራሉ፤ አፍርሰውም ሌላ ይሠራሉ። በአራት ሰዎች ውድድር የሚቈጠርላቸው 35 ሰከንድ ብቻ ነው። ሥራው የሚያልቀው በምድር ላይ ነው፤ ዘላዮቹ በሜዳው ላይ እየተራመዱ ማን ከማን ጋር፣ በየትኛው እጅ፣ በስንተኛው ተራ እንደሚገናኝ ደጋግመው ይለማመዳሉ። በአየር ላይ ደግሞ እያንዳንዱ የገዛ ገላውን ማብረር አለበት። ከጓደኞቹ በላይ የቀረ ገላውን ይበልጥ ለጥጦ ይወርዳል፤ ከበታች የሆነ እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ጀርባውን አጕብጦ አየሩን ይይዛል። በጓደኛው ላይ የሚጣደፍ ሁሉንም ይበትናል፤ እኩል ከፍታ ላይ ደርሶ በቀስታ የሚቀርብ ግን ሳይነካ የነካ ያህል ነው። የተያዘ እጅ አይሳብም፤ የሳበ ጓደኛውን ከሚዛኑ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 በታይላንድ 400 ሰዎች በአንድ ቅርጽ የተያያዙት ይህን ሕግ በመጠበቅ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አባቶቻችን አስተምረውናል፤ ቡድኑም ይህን ተረት የሚያጸድቅ ይመስላል። ነገር ግን የቡድን ዝላይ ከሁሉ በላይ የሚያጠብቀው ሕግ የመለያያውን ከፍታ ነው። ቡድኑ አምስት ሰውና ከዚያ በታች ከሆነ ጃንጥላ ከሚከፈትበት ከፍታ ቢያንስ 450 ሜትር፣ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆነ 600 ሜትር ቀደም ብሎ መለያየት አለበት። ቅርጹ ቢያልቅም ባያልቅም፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሁሉም ይላቀቃል፤ ጀርባውን ሰጥቶ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ከመካከሉ ይርቃል፤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አይቶ፣ እጁን አወዛውዞ ጃንጥላውን ይከፍታል። ተቀራርቦ የሚከፈት ጃንጥላ ከጃንጥላ ይጠላለፋልና።

አንድ ቀን አራተኛው ሰው ከቅርጻችን በክንድ ርቀት ላይ ደርሶ ሳለ መለኪያው የመለያያውን ከፍታ አሳየ። ከእኛ አንዱ ራሱን ነቅንቆ ለመላቀቅ እጁን ሳበ። ሌላው ግን ጥቂት ቢቈዩ ቅርጹ እንደሚያልቅ አይቶ እጅጌውን ጨብጦ ያዘው። ሁለት ሰከንድ ያህል ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ከመቶ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከዚያ ለቀቀው፤ ሁላችንም በደኅና ወረድን። ያዡ መሬት ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን ሲያይ ቈየ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ የልደታውን ካብ። ያን ቀን ሌላ ዝላይ አልዘለልንም።

ይህን ለዘላዮች ብቻ አንጽፈውም። በጉባኤም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በመማሪያ ክፍልም «ይቅርብን» የሚል አንድ ድምፅ ሲሰማ ፈሪ የምንለው ብዙዎች ነን። ተያይዘን የምንሠራው ሥራ መልካም ነው፤ ነገር ግን መለያያውን በምድር ላይ ሳንወስን ከተነሣን፣ በአየር ላይ የሚወስንልን ኀፍረት ይሆናል።

ባለፈው ግንቦት ልደታ ከጓደኛችን ደጅ ተቀመጥን። እርሱ ዕድሜውን በሒሳብ መምህርነት ፈጽሞ ጡረታ ወጥቷል፤ እናቱ ካረፉ ዓመታት ሆኗቸዋል። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ያን ቀን አንፈልግም ሲል ክንዱን እንዳለቀቅነው፣ ለእናቱም እንደ ዋሸን፣ በአፋችን አውጥተን ተናገርን። ይቅርታም ለመንነው።

«እናቴ ታውቅ ነበር» አለን።

«ማን ነገራቸው?» አልነው።

«እኔ አልነገርኳትም። ያን ማታ ገላዬን ስታጥበኝ የጣቶቻችሁን ምልክት በሁለቱም ክንዴ ላይ አየችው። ምንም አላለችኝም። በዓመቱ ልደታ ሲመጣ ግን እናንተን አልጠራም ብዬ አለቀስሁ። እርስዋም ‹እስኪናገሩ ድረስ ንፍሮአቸውን አታስቀርባቸው› አለችኝ።»

ይህን ብሎ የንፍሮውን ሰሐን ወደ እኛ አቀረበ።