ተረትን ውሸት ስላልንበት ምሽት

በኅዳር ወር አንድ ማታ እናታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ለሰባት ዓመት ሴት ልጃችን ተረት ሲነግሩ፣ እኛ በዚያው ክፍል ጽሕፈታችንን እንመለከት ነበር። ተረቱም ይህ ነው፤ በጥንት ዘመን በአክሱም አገር ዘንዶ ነግሦ ሳለ ሕዝቡ በኵር ሴት ልጁን ይገብርለት ነበር፤ በኋላ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል ሰጥቶ ገደለውና በፈንታው ነገሠ፤ የንግሥተ ሳባም አባት እርሱ ነው። ልጅቱ ወደኛ ዘወር ብላ «አባባ፣ ይህ እውነት ነውን?» ብትለን፣ ዓይናችንን ከወረቀቱ ሳናነሣ «ውሸት ነው፤ ዘንዶ አይነግሥም» አልናት። እናታችን አንዳች ሳይመልሱ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ መኝታቸው ገቡ። ከዚያም ወዲያ ልጅቱ ብትለምናቸው «እኔ የማውቀው ውሸት ብቻ ነው፤ አባትሽን ጠይቂ» ይሏት ጀመር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤታችን ተረት አልተሰማም።

ነገሩ ስለ ከበደን መጻሕፍት መመርመር ጀመርን። መልሳችን በታሪክ ረገድ ስሕተት አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዒዛና በግሪክ ቋንቋ፣ እንዲሁም በግዕዝ ቋንቋ በሁለት ዓይነት ፊደል ባስጻፈው የአክሱም ድንጋይ ቤጃን ማስገበሩን ይናገራል እንጂ ስለ ዘንዶ የሚለው የለም። ነገር ግን ይኸው ንጉሥ ገና ክርስቲያን ሳይሆን በዚያው ድንጋይ ላይ ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ግሪኩም ማሕረምን አሬስ ብሎ በጦርነት አምላክ ስም ይጠራዋል። ታሪክ ብለን የምናከብረው ድንጋይ እንኳ ከተረት ንጹሕ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ ያስገረመን የታሰረችው ልጅ ነገር ነው። የጀርመን ሊቅ ኤኖ ሊትማን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 ዓ.ም. ባሳተመው የአክሱም ተረት፣ ንግሥቲቱ ራሷ በልጅነቷ ለዘንዶ ተሰጥታ ከዛፍ ታስራ ነበር፤ ቅዱሳን ሲገድሉት ደሙ ቢንጠባጠብባት ተረከዟ የአህያ ሰኮና ሆነ። በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በላይ በዛፍ ላይ የምትታየውን ብሩታዊትን የማያውቅ የለም። ግሪኮችም የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ እናቷ ካሲዮጴያ በውበት ስለ ተመካች ለባሕር አውሬ ከዓለት ታስራ ሳለ ጴርሴዎስ አዳናት ይላሉ። (ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ሁልጊዜ ይህችን አገራችንን ማለታቸው አይደለም፤ አንዳንዶቹም ነገሩ የሆነው በኢዮጴ ነው ስለሚሉ፣ በዚህ መመካት አይገባንም።)

ንጉሥ በድንጋይ የሚያስጽፈው ድሉን ነው። ልጁን ለኃይለኛ ገብሮ በሰላም ያደረ አባት ግን ኀፍረቱን የሚያስጽፍበት ድንጋይ የለውም፤ ያን የሚጠብቅለት ተረት ነው። እኛም ውሸት ያልነው ይህን ነበር። ፈላስፋው ፕላቶን እንኳ ስለ መንግሥት ሥርዓት በጻፈው መጽሐፍ እናቶችና ሞግዚቶች ለልጆች የሚነግሩት ተረት አስቀድሞ ይመርመር ካለ በኋላ፣ ያንኑ መጽሐፍ በራሱ ተረት ፈጽሞታል።

በታኅሣሥ አንድ ማታ የእናታችንን ጕልበት ስመን ይቅርታ ጠየቅንና ከልጅቱ ጋር ወደ ደጅ አወጣናቸው። በሰሜን በኩል ያሉትን አምስቱን የካሲዮጴያ ከዋክብት፣ ከበላያቸውም አንድሮሜዳን አሳየናቸው። በአንድሮሜዳ ዘንድ እንደ ቀጭን ጉም የሚታየው የከዋክብት ክምችት ብርሃኑ ወደኛ እስኪደርስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደሚፈጅበት ብንነግራት፣ ልጅቱ «ይህስ እውነት ነው?» አለች። አዎን አልናት።

እናታችን ግን «አባቷስ የቱ ነው?» አሉን። ዝቅ ብሎ ያለውን ኬፌዎስን አሳየናቸው።

«እዚያ ቆሞ ሲያያት ነበርን?» አሉና ልጅቱን በእጇ ይዘው ገቡ። ከውጭ ሆነን ስንሰማ የዘንዶውን ተረት ከመጀመሪያው ይነግሯት ነበር።