ኮምፒውተሩ ፍላሽ አላነብም ሲል
ከተሞክሮዬ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ መንገድ ላይ የምታገኟት ተበላ የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራዬ እዚሁ ነው። እንደኔ ያለ ቤት አዲስ ኮምፒውተር ገዝቶ አይከፈትም፤ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ተብሎ የሚመጣ ኮር ቱ ዱዎ ዴስክቶፕ ይዞ ነው የሚጀመረው። ማሽኑ ጠንካራ ነው። ማመልከቻ ለመጻፍ፣ ፈተና ለማተም፣ ጉርድ ፎቶ ለማውጣት አያንስም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ደህና ሲሠራ የዋለው ማውዝ፣ ፕሪንተር ወይም ፍላሽ ድንገት ዝም ይላል። ያኔ «ዩኤስቢው ተቃጥሏል» ይባላል፤ ለጥቆም «ፎርማት ይደረግ» ይመጣል። እኔ ካየሁት አብዛኛው አልተቃጠለም፣ ፎርማትም አያድነውም።

የታመመውን ሳትለዩ ምንም አትንኩ። ዝም ያለውን ዕቃ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ እዚያ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። በዚያው በታማሚው ፖርት ደግሞ ሌላ ዕቃ ሞክሩ። ፕሪንተር ከሆነ ገመዱንም ቀይሩት፤ ገመድ ሲያረጅ ከውጭ ምንም አይታይበትም።

ከፊት ያለውን ፖርት አትመኑ። አንድ መምህር የፈተና ወረቀት በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ ከፊት እሰካዋለሁ፣ ምንም የለም። «ጉድ ሆንኩ፣ ፈተናው ነገ ነው» ይላሉ። «ቲቸር፣ ቆይ እስቲ ከኋላ ልሰካልዎ» እላለሁ። ከኋላ ሲሰካ ያቺ የምናውቃት የዊንዶውስ ድምፅ ትሰማለች፣ ፋይሉም ይከፈታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የኋላዎቹ ፖርቶች ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በቀጭን ገመድ ተስበው የመጡ ስለሆኑ ኃይሉ መንገድ ላይ ይደክማል። በዚያ ላይ የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ የሚሰካው፣ አቧራውም የሚገባው በፊት ነው። የበጋ ቀይ አቧራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የፊቱ ፖርት ሌላም መዘዝ አለው። ፍላሽ ተገልብጦ በግድ ሲገፋ ውስጥ ያሉት አራት ቀጫጭን ብረቶች ይጎብጡና እርስ በርስ ይነካካሉ። ያኔ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ጥቁር ስክሪን ላይ ዩኤስቢ ከመጠን በላይ ኃይል ስቧል፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣና እውነትም ይጠፋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ ማሽኑ አለቀለት ብሎ ያስባል። ማሽኑ ግን ራሱን እየጠበቀ ነው። ሶኬቱን ንቀሉ፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከፊት ፖርት ወደ ማዘርቦርዱ የሚመጣውን ገመድ ከቦታው አውጡና ዝጉት። የፊቱን ፖርት ታጣላችሁ እንጂ ኮምፒውተሩ ይነሳል።

ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ኮምፒውተሩን ሻትዳውን አድርጋችሁ ማውዙን ገልብጣችሁ እዩት፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ላይ ቀዩ መብራት እንደበራ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ለፖርቶቹ 5 ቮልት መላኩን አይተውም ማለት ነው። ስለዚህ የተደናገረ ፖርት ሪስታርት ቢደረግም ከድንግርግሩ አይወጣም። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ በዩኤስቢ የተሰካውን ሁሉ አውጡ፣ ማብሪያውን ተጭናችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት፤ ከዚያ አሳርፋችሁ መልሱት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ለሚመጣው የዩኤስቢ ሕመም ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላገኘሁም። መብራት ሲባል፣ 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ከወላይታና ከዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ነው፤ ጎረቤታችን ነው። መብራት ግን እዚህም ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም እስኪረጋጋ መጠበቅ ከስታቢላይዘር በፊት የሚመጣ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ልምጣ። ሲስተም ዩኒቱን ስትነኩት እጃችሁን የሚነዝራችሁ ከሆነ ጉዳዩን በቀልድ አትለፉት። ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉት የምድር ሽቦ ሶኬቱ ላይ አልተገናኘም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከ220 ቮልቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ በኩል አልፎ ቆርቆሮው ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ጤነኛ ሰውን መንዘር ነው የሚችለው። ፕሪንተሩ ግን በሌላ ግድግዳ፣ በሌላ ሶኬት ላይ ሆኖ በዩኤስቢ ገመድ ሲገናኙ የሁለቱ ማሽኖች ልዩነት በዚያች ቀጭን ገመድ ያልፋል። ገመዱን ስትሰኩ ብልጭ ስትል ያያችኋት እሷ ናት። ፖርት እውነትም የሚቃጠለው እንዲህ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን ከአንድ ማከፋፈያ አብሯቸው፤ ገመዱን ሁለቱም ጠፍተው ሳሉ ሰኩ፤ የቤቱንም ኧርዝ አሠሩ። ኤሌክትሪሻን ለአንድ ቀን የሚያስከፍለው ከማዘርቦርድ ይረክሳል።

ፖርት የሚሰጠው ኃይል ልክ አለው። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 ለአንድ ዕቃ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ እንዲሰጥ አልታሰበም። በ2008 የመጣው ዩኤስቢ 3.0፣ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው፣ 900 ይሰጣል። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አሮጌው ማሽን ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ መነሳት ሲያቅተው ዲስኩ ተበላሸ አትበሉ፤ ኃይል አንሶት ይሆናል። የኢንተርኔት ዶንግል ኔትወርክ ሲፈልግ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው። ራሱን የቻለ አዳፕተር ያለው ሃብ ይገላግላል። አዳፕተር የሌለው ሃብ ግን ያንኑ ትንሽ ኃይል ለአራት ይከፋፍላል፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አትግዙት።

ጥፋቱ የዊንዶውስ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ማውዙ ለጥቂት ደቂቃ ሳይነካ ቆይቶ የሚሞት ከሆነ ዊንዶውስ ኃይል እቆጥባለሁ ብሎ ፖርቱን እያስተኛው ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚሉትን አንድ በአንድ ክፈቱና ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ፍላሹ ድምፅ ሰጥቶ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ካልታየ ደግሞ ዲስክ ማኔጅመንት ግቡ፤ የድራይቭ ፊደል አጥቶ እዚያ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፤ ያልተያዘ ፊደል ስጡት።

የፕሪንተሩ ጉዳይ ለብቻው ነው። መስከረም ላይ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታና የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደራረቡ ሰው በር ላይ ተሰልፎ እያለ ፕሪንተሩ ኦፍላይን ይላል። መብራቱ በርቷል፣ ወረቀቱ አለ። ብዙውን ጊዜ ጠረጴዛ ሲጸዳ አንድ ሰው ገመዱን ነቅሎ ሌላ ፖርት ላይ ሰክቶታል፤ ዊንዶውስም አዲስ ፕሪንተር መጣ ብሎ በዚያው ስም፣ ከጎኑ ኮፒ 1 ብሎ መዝግቦታል። ሥራው የሚላከው ግን ወደ አሮጌው ስም ነው። ወይ ገመዱን ወደ ቀድሞ ፖርቱ መልሱት፣ ወይ ኮፒ 1ን ዲፎልት አድርጉት። ከፖርቱ ጎን በማርከር ምልክት ያደረግሁት ለዚሁ ነው።

ሾርትከት ቫይረስን ከዚህ ጋር አታምታቱ። ፍላሹ ተከፍቶ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከታዩ ፖርቱ ደህና ነው፤ ፋይሎቹም አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። ፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁትንና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጉና እውነተኞቹን ቅዱ፤ ሾርትከቶቹን ግን አትክፈቱ። ፍላሽ የሚቀበል ቤት ሁሉ አንቲቫይረሱን ማደሱ የደንበኛ መብት ነው ብዬ አምናለሁ።

አሮጌ ማሽን አንድ ጥቅም አለው፤ ከኋላው ክብ የሆኑት ሐምራዊና አረንጓዴ ቀዳዳዎች አሉት። ሐምራዊው ለኪቦርድ፣ አረንጓዴው ለማውዝ ነው። ዩኤስቢው በሙሉ ሲተኛ በእነዚህ የሚሰካ ኪቦርድና ማውዝ ከሌላችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ምንም ማስተካከል አትችሉም። አሮጌ ኪቦርድ አትጣሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ የፊቱም የኋላውም ፖርት እንቢ ካለ የማዘርቦርዱ ዩኤስቢ ሞቷል፤ ኮምፒውተሩ ግን አልሞተም። ፒሲአይ የሚባለው ቀዳዳ ላይ የሚገባ የዩኤስቢ 2.0 ካርድ ግዙለት፤ ከዊንዶውስ 7 ጋር ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል። ሰማያዊ ፖርት ያለውን ከመረጣችሁ ዊንዶውስ 7 ለዩኤስቢ 3.0 የራሱ ድራይቨር ስለሌለው፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ድራይቨሩ አብሮ መኖሩን ሻጩን ጠይቁ።