ከጅንባር እስከ እሜት ጎጎ

በካርቱም የአል-ማንሺያ ሰፈር የኖረ ሰው ዐባይን የሚያውቀው በሜዳ ላይ ነው። ወደ ምሥራቁ ዳርቻ በሚያሻግረው ድልድይ ሥር ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ በክረምት ደለሉን ተሸክሞ ቡና ይመስላል፣ በበጋ ይጠራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 380 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ለዓመታት የከረመ ዓይን ገደልን ይረሳል፤ ውኃ ከከፍታ የሚወድቅ ነገር መሆኑንም ይዘነጋል።

በጥር 2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ጎንደር ከገቡት መንገደኞች አንዲቱ በአል-ማንሺያ በሰው ቤት እየሠራች ዐሥራ አንድ ዓመት የቆየች ሴት ነበረች። በዓሉ ሲያልፍ ታላቅ ወንድሟ «ሰሜንን ሳታዪ አትመለሺም» ብሎ ለአንድ ቀን ጉዞ ይዟት ተነሣ። ጎንደር ተወልዳ፣ ወደ ተራራው የሚወጡ ቱሪስቶችን እያየች ብታድግም፣ ራሷ ግን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም ነበር። ድሀ አገሩን የሚያየው ለሥራ ሲሄድ ነውና።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘው ደባርቅ ደረሱ። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን ከፍለው ጠመንጃ ያነገቱ አንድ በዕድሜ የገፉ ስካውት ተመደቡላቸው። ሳንቃበርን ካለፉ በኋላ ከመኪና ወርደው በአስታው ጫካ ውስጥ ወደ ጅንባር ፏፏቴ መመልከቻ አቀኑ። የአስታው ግንድ ተጣምሞ ያረጀ ነው፤ ከየቅርንጫፉም እንደ ሽማግሌ ጢም የነጣ ሽበት ተንጠልጥሏል። ጫካው በድንገት ያልቅና ምድር ይቋረጣል። ከማዶ ጅንባር ወደ ገደሉ ይወረወራል። ወሩ ጥር በመሆኑ ውኃው ቀጥኖ፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ነፋስ ይበትነዋል፤ የነሐሴና የመስከረም ጉልበቱ ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ውኃ እኛ ዘንድ ካርቱም ይደርሳል?» ስትል ጠየቀች።

«አይ እኅቴ፣ ይኼስ ተከዜ ነው የሚገባው» አሏት።

እውነታቸውን ነው። የሰሜን ተራሮች ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ከአትባራ ወንዝ ጋር ተቀላቅሎም ከካርቱም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ በአትባራ ከተማ ናይልን ይገናኛል። በአል-ማንሺያ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ከጅንባር ጋር የሚተዋወቀው እዚያ ነው።

መኪናውን አምባራስ ላይ ትተው በእግር ተጓዙ። ወደ ጅንባር ወንዝ ቁልቁል ወርደው፣ በድንጋይ ላይ ተሻግረው፣ አቀበቱን ወደ ግጭ ተያያዙት። እዚያ የቆያቸው መንደር ሳይሆን የመንደር ስፍራ ነበር፤ የአጥር ድንጋይ፣ የገብስ እርከን፣ ሣር የዋጠው የእግር መንገድ። የግጭ ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በእርሻና በከብት ግጦሽ ብዛት፣ በዋልያውም ቁጥር ማነስ ምክንያት በ1996 «አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች» መዝገብ ገብቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ሣሩ ተመልሷል፤ የሣሩም ዋጋ በሰው ቤት ተከፍሏል። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ ማንሣት ግን ስፍራውን አለማየት ነው።

ስካውቱ እዚያው ግጭ የተወለዱ ነበሩ። ወንድሟ «ቤትዎ አይናፍቅዎትም?» ሲላቸው ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቤቱስ አይናፍቀኝም፤ ቤት ይሠራል። ጧት በር ስከፍት የማየው ነው የሚናፍቀኝ» አሉ። መንገደኛዋ ይህን ሰምታ አለፈች።

ከግጭ በላይ አስታው ያልቅና የጓሳ ሣርና የጅብራ አገር ይጀምራል። ጅብራ ለብዙ ዓመት አድጎ፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ አበባ አንዴ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው። በመካከሉ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የላቸውም። አየሩ ሲሳሳ የካርቱሟ እንግዳ ራሷን አመማት። ወንድሟ በጥብጦ የሰጣትን በሶ ጠጥታ፣ በየመቶ እርምጃው እያረፈች፣ 3,926 ሜትር ከፍታ ካለው ከእሜት ጎጎ አፋፍ ደረሰች። ሦስት ወገን ገደል፣ ከገደሉ በታች በሰማያዊ ጭጋግ የተዋጡ አምባዎች። ማንም አልተናገረም። በሌላ መንገድ ዞረው አምባራስ ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በፓርኩ እሳት ተነሣ። በግጭ አካባቢ የነበረው ጓሳና አስታ ተቃጠለ። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት መከላከል ባለሙያዎች መጥተው አገዙ። ጓሳ ሥሩ ከተረፈ ዳግም ያቆጠቁጣል፤ አስታ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ወሬውን በአል-ማንሺያ ሆና በስልክ የሰማችው መንገደኛ በመጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ስካውቱ ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ከብዙ ሺህ መንገደኞች ጋር እርሷም በገዳሪፍ አድርጋ፣ በመተማ በኩል በአንድ ቦርሳ አገሯ ገባች። ዐሥራ አምስት ዓመት ያጠራቀመችው ዕቃ እዚያው ቀረ። ጎረቤቶች ስለ ዕቃው ሲያጽናኗት ትሰማለች፤ አልፎ አልፎም ትስቃለች፤ ዕቃ ይገዛል። በነሐሴ ግን፣ ጎርፉ በሚደርስበት ሰሞን፣ ማለዳ ስትነሣ ዓይኗ ከግንቡ ማዶ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ድምፅ የሌለው ውኃ። የግጩ ሰው ያሉት ነገር የገባት ያን ጊዜ ነው።