ለመቱ ገንዳ ፓምፕ ስንመርጥ

በኢሉባቦር ፀሐይ የምትታመነው ቡና በሚሰጣበት ወራት ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዝናቡ አይለቅም፤ ህዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ደግሞ ይበርዳል። በ2011 ዓ.ም. ህዳር ወደ መቱ የሄድኩት ይህችን ፀሐይ ተማምኜ ነው። ሥራው የአንድ እንግዳ ማረፊያ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ውሃው ጣራ ላይ ወጥቶ በፀሐይ ሞቆ ይመለሳል፤ ለዚያ የሚሆነውን ፓምፕ መርጦ ማስገጠም የእኔ ድርሻ ነው።

ባለቤቱ በቡና ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። መቱ ላይ ገንዳ ለምን እንዳስፈለጋቸው ስጠይቃቸው ስለ ገቢው አላነሱም። «ሶር አለ፣ ጌባ አለ፤ ውሃ ሞልቶናል። ልጆቻችን ዋና የሚለምዱት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ወንዝ ውስጥ የሚለምድ ልጅ ዋናተኛ የሚሆነው ከተረፈ ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደ ሌላው ሥራ ላየው አልቻልኩም።

አምቦና ሶደሬ ውሃውን የምታሞቅላቸው ምድር ናት። የመቱው ገንዳ ግን የሚሞላው በቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ልጅ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። እየተንቀጠቀጠ ዋና የሚማር የለም። ገንዳው 12 ሜትር በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1.4 ሜትር ነው፤ ወደ 100 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህን ውሃ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ለማድረግ ወደ 116 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። በመብራት ይሙቅ ማለት የማይታሰብ ነው። ለዓመታት መቱን፣ ጎሬንና ጋምቤላን ይዞ የኖረው የሶር ኃይል ማመንጫ ራሱ አቅሙ 5 ሜጋዋት ነው።

ጣራው ላይ የተነጠፉት ማሞቂያዎች ጎን ለጎን የተያያዙ ቀጫጭን ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው፤ ስፋታቸው 50 ካሬ ሜትር። ጥርት ባለ የህዳር ቀን ከዚያ ጣራ 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት እንደሚገኝ አሰላሁ። ገንዳው በቀን ከ1 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ይላል ማለት ነው። ውሃውን ማውጣትና ማውረድ ነበር የቀረው፤ ክርክሩም የተነሳው እዚያ ላይ ነው።

የከተማውን ቧንቧ ለብዙ ዘመን የዘረጉ አንድ አዛውንት አብረውን ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የእሳቸው ሐሳብ አጭር ነበር። «ባለ 3 ፈረስ ጉልበት አንድ ፓምፕ ግዛና ማጣሪያውንም ጣራውንም ይግፋ። ምን ያስጨንቅሃል ልጄ?» ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ማጣሪያው በጋ ከክረምት መሥራት አለበት፤ ጣራው የሚፈልገው ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ብቻ ነው። ለሁለቱ አንድ ትልቅ ፓምፕ ከተገዛ፣ ለአራት ወር ፀሐይ ሲባል ዝናቡንም ሁሉ ትርፍ መብራት ሲከፈል ይኖራል። በዚያ ላይ መብራቱ ይሄዳል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ደክሞ ነው የሚመጣው። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተር ብዙ ከረንት ይስብና ጥቅልሉ ይቃጠላል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አንድ ነጋዴ «ሶላር ፓምፕ ይኸውልህ» ብሎ የጉድጓድ ፓምፕ አወጣልኝ። 60 ሜትር ይገፋል፤ በሰዓት የሚሰጠው ግን 2 ሜትር ኩብ ነው። ለጉድጓድ ጥሩ ዕቃ ነው። የእኛ ጣራ የሚፈልገው ተቃራኒውን ነበር፤ ከፍታው ትንሽ፣ ውሃው ብዙ። በአንድ ካሬ ሜትር ማሞቂያ ውስጥ በደቂቃ 4 ሊትር ያህል ማለፍ አለበት፤ ለ50 ካሬ ሜትር በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ይመጣል። ውሃው ከተንቀራፈፈ ጣራው ላይ ከመጠን በላይ ይሞቅና ያገኘውን ሙቀት ገንዳ ሳይደርስ ለነፋስ ይሰጣል። የሚመለሰው ውሃ ሲነካ ለብ ያለ ብቻ ሲሆን ብዙ ሰው ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል። እኔን ደስ የሚለኝ ለብ ብሎ በብዛት ሲመጣ ነው።

ጋሼን ያሳመናቸው ስሌቱ ሳይሆን መለኪያው ነው። ጣራው ከገንዳው ውሃ 7 ሜትር ከፍ ይላል፤ እሳቸው ፓምፑ ሁልጊዜ ይህን 7 ሜትር ተሸክሞ የሚኖር ይመስላቸው ነበር። ከአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፓምፕ ተውሰን፣ መውጫው ላይ የግፊት መለኪያ ገጥመን አስነሳነው። መርፌዋ ወደ 1 ባር ተጠጋች። ውሃው ማሞቂያውን ሞልቶ በመመለሻው ቱቦ መውረድ ሲጀምር፣ ቱቦው ውስጥ የነበረው አየር እየተንደቀደቀ ገንዳው ውስጥ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ጠፋ፤ መርፌዋም ቀስ እያለች ወርዳ ግማሽ ባር አካባቢ ረጋች። የሚወርደው ውሃ ክብደት የሚወጣውን እየሳበው ነው። ጋሼ ተጣብቃ እንዳይሆን ብለው መለኪያውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ መርፌዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም። «እንዲህ ከሆነስ 3 ፈረስ ምን ይሠራል?» አሉ።

እውነት ነው፣ በግማሽ ባር አልተውነውም። ጣራው ላይ ውሃው እየተሳበ ከዋለ ማሞቂያዎቹ ይጨማደዳሉ፣ አየርም ይገባል። ስለዚህ የመመለሻውን ቫልቭ ጥቂት ጠበብ አድርገን መርፌዋን ወደ 0.8 ባር መለስናት። ያም ሆኖ ሥራው ከአንድ ፈረስ ጉልበት በታች ነው።

በመጨረሻ የመረጥነው ሁለት ፓምፕ ነው። የማጣሪያው የራሱ ሆኖ በመብራት ይሠራል። የጣራው ከመብራት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ባትሪ ሳይኖረው በቀጥታ ከ4 ባለ 250 ዋት የሶላር ፓኔሎች የሚዞር የዲሲ ፓምፕ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ይፈጥናል፣ ደመና ሲመጣ ይዘገያል፣ ሲመሽ ይቆማል። ሲቆም አንዲት ትንሽ ቫልቭ አየር ታስገባና ውሃው ከጣራው ወርዶ ሌሊቱን ገንዳው ውስጥ ያድራል። ማሞቂያውን የምታሞቀው ፀሐይ ራሷ ፓምፑን የምታዞር ከሆነ፣ «አሁን አብራ፣ አሁን አጥፋ» የሚል ሰው ወይም መቆጣጠሪያ አያስፈልግም። እንደ ኢሉባቦር ደመናው ድንገት በሚመጣበት አገር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላየሁም።

ቦታውም አነጋግሮናል። ባለቤቱ ፓምፑ ጄኔሬተሩ ቤት እንዲገባ ፈለጉ፤ ክፍሉ ከገንዳው ውሃ 4 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃን ወደ ፓምፕ የሚገፋው የአየር ግፊት ያንሳል። በባሕር ጠለል ላይ በስሌት 10 ሜትር የሚሳበው ውሃ እዚህ 8 ሜትር ተኩል ቢሳብ ነው፤ በቱቦው ሰበቃና በየመገጣጠሚያው በሚገባ አየር ደግሞ ከዚያም በጣም ይቀንሳል። ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ዝቅ አድርገን አስቀመጥነው፤ ውሃው ራሱ ወርዶ ይሞላዋል። ለዝናቡም ጎርፍ ማፍሰሻ ተበጀለት።

ጥር ላይ ተመልሼ ስሄድ ልጆች የገንዳውን ጠርዝ ይዘው እግራቸውን ሲያንቦጫርቁ ደረስኩ፤ ማንም ከንፈሩ አልጠቆረም። ማታ ማታ ገንዳው በፕላስቲክ ሸራ ይሸፈናል፤ ሙቀቱን ከሁሉ በላይ የሚወስደው የሌሊቱ ትነት ነውና ያለ ሸራ ፓምፑ በከንቱ ነው የሚደክመው።

በዚያው ሰሞን ከጎሬ የመጣ አንድ ሰው ዕቃዎቹን እያየ የፓምፑን ዓይነት በማስታወሻው ላይ መዘገበ፤ እሱም እንደዚሁ ሊያሠራ ነው። ጎሬ ከመቱ ሩቅ አይደለችም፤ ግን ከፍታዋ 2,000 ሜትር ያህል ነው፣ ብርዱና ጭጋጉም ይበረታል። «የፓምፑን ስም ተወውና የጣራህን ስፋት፣ ከውሃው ያለውን ከፍታና የቱቦውን ርዝመት ለክተህ ላክልኝ፤ ፓምፑን ከዚያ በኋላ እንመርጣለን» አልኩት።